ልጅ ይዞ ምግብ ቤት መግባት፣ ከፍራንክፈርት እስከ ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ከደሴ ነው፣ ለክረምቱ ልጆቼን ይዤ ቤተሰብ ጋ መጥቻለሁ። ስደት ላይ ትንንሽ ልጅ የምታሳድጉ ብዙዎቻችሁ ውጭ መብላት እርግፍ አድርገን ተውነው ስትሉ ስለምሰማ የኔን ልንገራችሁ ብዬ ነው። እኛ ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው፣ ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው ትንሹ ሁለት ሊሞላው ነው፣ እና አልተውንም፣ ወላሂ ማንም መተው የለበትም።

ጀርመን እቃው ሁሉ አለ። ገና ከበር ሲያዩዋችሁ ከፍ ያለውን የልጅ ወንበር ያመጣሉ፣ ወረቀትና ከለር ይሰጣሉ፣ ዳይፐር መቀየሪያም ብዙ ቦታ አለ። የሚከብደው ዝምታው ነው። አጠገባችሁ የተቀመጡት ሲያወሩ እንኳ ድምፃቸው አይሰማም፣ የናንተ ልጅ ማንኪያ ሲጥል ግን ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያያል፣ ክፉ የሚናገር የለም፣ ማየት ብቻ፣ ስንቷን እናት ቤት ያስቀረቻት ያቺ አስተያየት ናት። ዋጋውም አለ፣ በኮሮና ጊዜ ወደ 7 ከመቶ ወርዶ የነበረው የምግብ ቤት ታክስ በፈረንጆቹ 2024 ወደ 19 ከመቶ ሲመለስ ሂሳቡ ላይ በደንብ ታወቀን፣ በ2026 ደግሞ እንደገና ወደ 7 ወርዷል። ውሃም በጠርሙስ ነው የሚሸጡላችሁ፣ ካልነገራችኋቸው ደግሞ ጋዝ ያለውን ነው የሚያመጡት።

እኔ ግን ከሁሉም የማይዋጥልኝ የልጆች ሜኑ የሚሉት ነገር ነው። የትም ብትሄዱ ያው ነው፣ ድንች ጥብስ፣ የዶሮ ናጌት፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ። ትልልቆቹ ሌላ ይበላሉ፣ ልጁ ለብቻው ሳህኑን ይዞ ድንች ይለቅማል። ወሎ ያደግን ሰዎች የልጅ ምግብ የሚባል ለብቻው አናውቅም እኮ፣ ልጅ እንጀራ መብላት ከጀመረ ትሪው ዳር ነው ቦታው፣ በርበሬ ከበዛ አልጫው በሱ በኩል ይደረግለታል፣ አለበለዚያ እናቱ ወጡን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ታጎርሰዋለች። እጅ መታጠቡን፣ ቢስሚላህ ማለቱን፣ ከፊት ለፊት መብላቱን፣ ታላቅ ሳይጀምር እጅ አለመስደዱን እዛው ትሪው ላይ እያየ ነው የሚለምደው። ለብቻው ከተቀመጠ ከማን ያየዋል?

ስለዚህ እኛ ሮይበርቴለር ነው የምንጠይቀው፣ ብዙ የጀርመን ቤቶች ያውቁታል፣ ባዶ ሳህንና ሹካ ለልጁ ያመጡለታል፣ ልጁ ከናንተ ሳህን እያነሳ ይበላል፣ አብዛኛው ቦታ አያስከፍሉም። ሰዓቱን ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ እናደርገዋለን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ልጆቹም እንቅልፍ ሳይመጣባቸው። ሀላል ስለሆነም አብዛኛውን ጊዜ ቱርኮች ጋ ነው የምንሄደው፣ የምስር ሾርባቸውን ትንሹ በጣም ይወዳል፣ አስተናጋጆቹም ልጅ ማባበል ያውቁበታል። ሙስሊም እናቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጀርመኖቹ ሂሳብ ሲያመጡ ለልጅ የሚሰጡት ለስላሳ ከረሜላ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጄላቲን አለው፣ ቱርክ ሱቅ የበሬ ጄላቲን ያለው ስላለ እሱን ቦርሳዬ ውስጥ አላጣውም፣ ለትልቋ ቶሎ እቀይርላታለሁ፣ አትከፋም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ወረድን፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሎን ታውቁታላችሁ፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው የአባቴ ሙስሊም፣ ሥጋ ሲሆን እርዱ ስለሚለያይ ሁለት ትሪ ይቀርባል፣ አሳ ግን ሁላችንንም አንድ ትሪ ላይ ያስቀምጠናል፣ ሐይቅ እንሂድ ሲባል ሁሉም ደስ የሚለው ለዚህ ነው። የሐዋርያት ጾም ወጥቷል፣ ፍልሰታም አልገባም፣ ስለዚህ የቀረ ሰው የለም።

የልጅ ወንበር የለ፣ ከለር የለ። ትንሹ ከመኪና ከመውረዱ አንዱ አስተናጋጅ "ና የኔ ጌታ" ብሎ ታቀፈውና አሳ ሲጸዳ ሊያሳየው ይዞት ወደ ጓሮ ገባ፣ ፍራንክፈርት ቢሆን ልቤ ቀጥ ይል ነበር፣ አክስቴ "አብሽሪ፣ ያመጣዋል" አለችኝና እጇን መታጠቧን ቀጠለች። አሳው መጣ፣ ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ከነሎሚውና ከነዳጣው። አክስቴ ትልቋን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ከጀርባው በኩል ወፈር ያለውን ቦጨቅ አድርጋ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ቀስ ብላ አሸችው፣ የተገኘችውን አጥንት ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ እንደገና አሸችው፣ ከዛ በትንሽ እንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ከታሸገው በስተቀር አሳ አልነካም የምትል ልጅ ናት! ዋጠችና አፏን ደግማ ከፈተች፣ ቆየት ብላ ራሷ አጥንት መልቀም ጀመረች፣ ለቃቅማ ስትጨርስ ለአክስቴ አጎረሰቻት። "እደጊ የኔ ልጅ፣ እደጊ" እያለች ሳመቻት፣ እኔ እንባዬ መጣ።

የልጅ ወንበሩን ግን እዚህም ብናገኘው እወዳለሁ፣ ተንቀዥቃዥ ልጅ ጭን ላይ ይዞ ትኩስ ሻይ አጠገብ መቀመጥ ያስፈራል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ይሄን የሚሠራ አናጢ ሞልቷል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የምለምነው ጀርመን የሐበሻ ምግብ ቤት ያላችሁትን ነው። ትሪ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ የሞሰቡም ቁመት ለቆመ ልጅ ልክ ነው፣ በያይነቱ ላይ ክክ አልጫና ድንች አለ፣ እነሱ አያቃጥሉም። ግን ልጅ ይዘን ስንመጣ የምናስቀምጥበት የለም፣ ሙዚቃው ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ይጮኻል። ሁለት የልጅ ወንበር ግዙ፣ እሁድ ከሰዓት ሙዚቃውን ቀነስ አድርጉልን። ከጓደኞቼ ጋ ተነጋግረናል፣ በየሳምንቱ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ ነሐሴ መጨረሻ ስመለስ ራሴ እየዞርኩ አናግራችኋለሁ።