የአያቴ ቁና

ባለፈው እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ "ጋሼ ሰው ሞቶ ስሙ እንዲቀር ምን ማድረግ አለበት" ብሎ ጠየቀኝ፣ እዛው የሆነ ነገር መለስኩለት ግን ለራሴም አላረካኝም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ እና እስቲ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ስሙ የቀረለት ሰው በሉኝ ቢሉኝ መጀመሪያ የምጠራው አያቴን ነው። ያሳደገችኝ ሐይቅ ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፊደል አትቆጥርም፣ ግን ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ሰዓታት ልትሰማ ትሄዳለች። እስጢፋኖስ ገዳም ስንሄድ ሴት ስለማይገባ እሷ ውጪ ትቀርና "ግባ የኔ ልጅ፣ ለኔም ተሳለምልኝ" ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ፣ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፣ ብቻዬን መግባት ጭንቅ ነበር።

የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ታሪክ የነገረችኝ እዛው ውጪ ተቀምጠን ነው። እዚሁ ወሎ ቦረና ነው የተወለደው፣ አባቱ ለትምህርት ሐይቅ ገዳም ሰጠው፣ ግን 7 ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባው አለ። ውሰደው ቢባል አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ ካልተማረም እዛው ያገልግል አለ። ልጁም ለገዳሙ እህል እየፈጨ እመቤታችንን እያለቀሰ ይለምን ነበር። ያ ልጅ ነው በኋላ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰው፣ አያቴ በሌሊት ተነስታ ትሰማው የነበረውን፣ ከ600 ዓመት በኋላም ዛሬ ሌሊት ይቆማል። እኔ ግን ልቤ የሚቀረው ወፍጮው ላይ ነው፣ ማንም የማያይህ ቦታ።

አድጌ ስቶር ኪፐር ሆንኩ፣ የት እንደሆነ ይቅር። አንድ ቀን ያልገባ ዕቃ ገቢ አድርግ ተባልኩ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ቆርጬ ፈረምኩ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ልጅ ተወልዶልኝ ነበር የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ሁለት ወር እንቅልፍ አጣሁ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ አለቀስኩ፣ እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "እንባህን እግዚአብሔር አይቶታል፣ ወረቀቱስ?" አሉኝ። ይሄ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት መጀመሪያ የአያቱን የሎይድን እምነት ያነሳለታል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም ይለዋል፣ ሁለቱ ለምን ጎን ለጎን እንደሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ዕቃው አልገባም፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የሰጠሁት፣ ድፍረት ማለት ፍርሃት መጥፋት ከመሰላችሁ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ከቦታዬ አነሱኝ፣ ጥቅማጥቅሙም ቀረ፣ ከባድ ዓመት ነበር ግን ተኛሁ።

አያቴ ያረፈች ቀን ለቅሶው ላይ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ተነስቶ ተናገረ። በ77ቱ ድርቅ እሱ ጡት የሚጠባ ልጅ ነበር፣ አያቴ ቤት የቀረው አንድ ቁና ማሽላ ብቻ፣ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለእናቱ ሰጥታለች። "እኔ የሷ ማሽላ ነኝ፣ ልጆቼም የሷ ማሽላ ናቸው፣ አፈሩ ይቅለላት" ብሎ ማልቀስ ጀመረ፣ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። እኛ ልጆቿ ይሄን ነገር ሰምተነው አናውቅም ነበር! አንድ ቀን እንኳ አላወራችውም።

ቁናዋ አሁን ደሴ እኔ ቤት ናት፣ ጠርዟ ተበልቷል። ትንሿ ልጄ ምንድነው ይሄ ስትለኝ ታሪኩን ነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰማችና በነጋታው እንግዳ ሲመጣ "ይቺ የማሽላዋ ናት" ብላ እሷ ነገረችው፣ ግማሹን ቀላቅላ ነው የነገረችው ግን ለሁለት የተከፈለው ላይ አልተሳሳተችም። እሁድ ቁናዋን ይዤ ሄጄ ለዛ ለጠየቀኝ ልጅ ላሳየው ነው።