ዴስቲኒ 2፦ ከኤክስፓንሽኖቹ የቱ ያዋጣል?

ዴስቲኒ 2 ኦንላይን የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው፣ ኤክስፓንሽኖቹ ደግሞ ተገዝተው የሚጨመሩ አዳዲስ ታሪኮች ናቸው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ከዊች ኩዊን እስከ ፋይናል ሼፕ ያለውን ታሪክ ጨርሻለሁ፣ አሁን ሬይድ (በቡድን የሚገባበት ከባዱ ፈተና) ላይ ነኝ። የምጫወተው በዋርሎክ፣ አስማተኛ በሚመስለው ገጸ ባሕርይ ነው።

ተኩሱ ላይ አልከራከርም። አሪፍ ነው። ሃንድ ካነን የሚባለው ትልቅ ሽጉጥ ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ብቻ አንድ ዙር ልጨምር ያሰኛል።

ጌሙ በ2017 ሲወጣ የሚገዛ ነበር፣ ከ2019 ጀምሮ መግቢያው ነፃ ሆኗል። ነፃው ግን ቅምሻ ነው። በዚያ ላይ በ2020 ቢዮንድ ላይት ሲመጣ የመጀመሪያው ዘመቻ ከነማርስና ሜርኩሪ ተነሣ፣ በ2022 የፎርሴከን ዘመቻም ተከተለ። ስለዚህ አዲስ ሰው ወሬው መሃል ላይ ነው የሚደርሰው። ሁሉም በፎርሴከን ለሞተው ለኬይድ-6 ያዝናል፣ እሱ ገና ‹ማነው ደግሞ?› እያለ ነው።

እኔ ኤክስፓንሽን የምመዝነው ታሪኩ ካለቀ በኋላ እጄ ላይ በሚቀረው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ላይትፎል ከሚወራበት ይሻላል። ታሪኩ፣ እውነት ለመናገር፣ አይረባም፤ ‹ዘ ቬይል› ‹ዘ ቬይል› ሲሉ ይቆዩና ምን እንደሆነ ሳይነግሩህ ያልቃል። ግን ስትራንድ የሚባለውን ኃይል ያመጣው እሱ ነው። በአረንጓዴ ክር እየተወነጨፍክ ጠላት መሃል መግባት ከለመድክ በኋላ በእግር መሮጥ ያሰለቻል።

ዊች ኩዊን ግን በሁለቱም በኩል ያሸንፋል። እስከዚያ ድረስ ሞቶ መነሣት ያንተ ብቻ ነበር፤ እዚህ የዋናዋ ጠላት የሳቫቱን ወታደሮችም ይነሣሉ። ገደልኩት ብለህ ዞር ስትል ጎስቱ (ከሞት የሚያስነሣው ትንሽ ተንሳፋፊ ረዳቱ) ያነሣዋል፣ ስለዚህ ተኩሱ መሃል ሮጠህ ጎስቱን በእጅህ መጨፍለቅ አለብህ። ሌጀንደሪ በሚባለው ደረጃ ብቻችሁን ሞክሩት፣ ያበሳጫል ግን ፍትሐዊ ነው።

ፋይናል ሼፕ በሰኔ 2024 እኤአ የወጣው ነው፣ በ2014 በመጀመሪያው ዴስቲኒ የተጀመረውን ታሪክ ይዘጋል። ይዞት የመጣው ፕሪዝማቲክ የብርሃንና የጨለማ ኃይሎችን አንድ ላይ እንድትቀላቅል ስለሚፈቅድ ብቻ ዋጋው ይገባዋል። ለጀማሪ ግን ቀድማችሁ አትግዙለት፣ መጨረሻውን የሚያየው ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳያውቅ ነው።

ሬይዱ ሌላ ዓለም ነው። ስድስት ሰው ሆናችሁ ትገባላችሁ፣ ያለ ማይክ ደግሞ አይሞከርም። ቫው ኦፍ ዘ ዲሳይፕል በሚባለው ሬይድ ውስጥ ያሉትን ምልክቶች አሁን ሳልደናገር እጠራለሁ፣ መተኮሱ ከዚያ በኋላ ቀላሉ ሥራ ነው። የቀረኝ ሳልቬሽንስ ኤጅ ነው፤ ቬሪቲ የሚባለው ክፍል ላይ ሦስት ሰው ውስጥ፣ ሦስት ሰው ውጭ ሆኖ ቅርጽ ይለዋወጣል፣ ኮልአውቱ (በማይክ የሚጠራው መረጃ) ከተምታታ ሁሉም ያልቃል። ታጋሽ ቡድን ያላችሁና ዋርሎክ የጎደላችሁ ካላችሁ ጥሩኝ።