ወታደር ይጠጣል የሚለው ነገር

ዛሬ ከእህቴና ከባሏ ጋር አማኑኤል ሆስፒታል ዋልን። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት እየባነነ እንቅልፍ የለውም። መድኃኒቱ አረቄ ሆኗል፤ ውሃ መስሎ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀመጥ። ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ስኒ አያነሳም፣ ሁለቴ ሲጎነጭ ግን ቀጥ ይላል። ጎረቤቱ «ወታደር አይደል፣ ይጠጣ እንጂ!» ይላል። የሚያበግነኝ ይሄ ነው። እህቴም ስሙ እንዳይጠፋ ስትሸፍንለት ኖራለች።

«ከነገ ጀምሮ እርግፍ አድርጌ እተዋለሁ» ብሎ ፎክሮ ነበር። ሐኪሙ ከለከለው። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒት ታግዞ ነው የሚቆመው። ሌሊት የሚያባንነውም ለብቻው ይታከማል።

ከዚያ ሐኪሙ ወደ እህቴ ዞሮ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላት። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የነበረ አይመስለኝም። ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው፣ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ።