ተመለሰች ወይ?

ነፋስ ነው ዛሬ። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱን ይደበድባል። እንዲህ ያለ እሁድ አልወድም። ቡናው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይከፋዋል፣ ለምን እንደከፋው ግን አያውቅም።

እማዬ ጋ ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ራቷን በልታ ዜና ፊት የምትቀመጥበት ሰዓት ነው። ቁጥሩን ልነካ ስል የጎረቤት ዛፍ ሲወዛወዝ በመስኮት አየሁት። «ይኼ ነፋስ ሜዳው ላይም ካለ ዛሬ ትወርዳለች» አልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሮኬቷን ማለቴ ነው፣ በእጄ የሰራኋትን፣ ተተኩሳ በፓራሹት የምትመለሰውን ትንሽ የወረቀት ሮኬት። ብርዱን ሙሉ ስለሷ እያወራሁ ሰው አሰልችቻለሁ። ዛፍ ላይ ከተሰቀለች ዛሬ ሁለት ሳምንቷ።

ለልጄ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ጥሎኝ ወደ ጌሙ ተመለሰ። «ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን አትገዛም?» ያለኝ ሰው አላጣሁም። እውነት ነው፣ ቱቦው ተቆርጦ፣ ክንፉ ተጠርቦ፣ ፓራሹቱ ተሰርቶ በካርቶን ይመጣል። እኔ ግን ደረቅ ነኝ። ከባዶ ካልሰራሁ አልኩ። ቡናማ ወረቀት መጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቅልዬ በነጭ ሙጫ ለበጥኩት። የመጀመሪያው ቱቦ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቤታችን እስካሁን የሚጠረገው በሱ ነው። ሁለተኛው ወጣልኝ። 45 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የኔ።

ሦስቱን ክንፎች ከባልሳ ቆረጥኩ። ባልሳ እንጨት ይባላል እንጂ እጅ ላይ ሲቀመጥ መኖሩም አይታወቅ። መጀመሪያ ከእንጨቱ መስመር ተሻግሬ ስለቆረጥኩ በሁለት ጣት ስይዛቸው እንደ ደረቅ ዳቦ ቀሽ አሉ። መስመሩ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር እኩል መሄድ አለበት። ይህን የሚያህል ነገር ለማወቅ አንድ ቅዳሜ ፈጀሁ። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ መልሶ ለማግኘት ስንት ቅዳሜ እንደጠበቀች አትጠይቋት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሚዛኑ ነው። ሮኬት ላይ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ በክር ስታንጠለጥላት ሳታዘነብል የምትቆምበት ነው። ሌላው የነፋሱ ግፊት ሁሉ የሚጠራቀምበት። የክብደቱ ቦታ ከነፋሱ ቦታ ቢያንስ የቱቦውን አፍ ስፋት ያህል ወደ አፍንጫ መቅደም አለበት። ካልቀደመ ትገለባበጣለች። ባሮውማን የሚባል የናሳ መሐንዲስ በ1960ዎቹ የነፋሱን ቦታ ተራ ሰው ሊያሰላው በሚችል ቀመር አውጥቶታል። ዛሬ ደግሞ አንድ የፊንላንድ ተማሪ ለመመረቂያው የሰራው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥር ስትሰጡት ይነግራችኋል። ነገረኝ። አላመንኩትም። የድሮዎቹ እንደሚያደርጉት ቅርጿን ካርቶን ላይ ቆርጬ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አመጣጠንኩት። ካርቶን አይዋሽም ብዬ።

ከዚያ መኪና ማቆሚያው ጋ ወጥቼ፣ ወገቧ ላይ ክር አስሬ በራሴ ዙሪያ አሽከረከርኳት። በአፍንጫዋ ከበረረች ደህና ናት ይባላል። በጭራዋ በረረች። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ በረንዳው ላይ ሲጋራውን ረስቶ ያየኝ ነበር።

አፍንጫዋ ክብደት ፈለገ። መሳቢያ ውስጥ ከአገር ይዤው የመጣሁት ባለ 25 ሳንቲም አለ። ደስ አለኝ፤ አገሬን አፍንጫዋ ላይ ጭኜ ልተኩስ ነው። ሮኬት የምንተኩስበት ሜዳ ላይ ያለ አንድ ባለ ቀይ ኮፍያ ሽማግሌ ሳይስቅ ከለከለኝ። አፍንጫ፣ ቱቦና ክንፍ ላይ ብረት ነክ ነገር አይገባም፤ ደንብ ነው። የሰው አናት ላይ ብትወርድስ? የልጁን የመጫወቻ ጭቃ ሰርቄ ጠቀጠቅኩበት። ሳንቲሙ ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

ሞተሩን ብቻ ነው የገዛሁት፤ ሞተር ሲባል በወረቀት ቱቦ የታሸገ ባሩድ ነው። እሱ በእጅ አይሰራም። የሰሩ ልጆች ጣታቸውን ያጡበት ታሪክ ብዙ ነው። እኔ የምወደው ግን የጫማ ሻጩን ታሪክ ነው። ኦርቪል ካርላይል ይባላል፣ ኔብራስካ ውስጥ ኖርፎልክ በምትባል ከተማ ጫማ ይሸጥ ነበር። ርችት ይወዳል። ወንድሙ ደግሞ የአውሮፕላን ሞዴል ሰሪ ነው። በ1954 ሁለቱን ፍቅሮች አጋጥሞ፣ ሞተሩ እየተቀየረ ደግሞ ደጋግሞ የሚተኮስ፣ በፓራሹት የሚመለስ የወረቀት ሮኬት ሰራ። ቀን ጫማ አውጥቶ ሰው እግር ስር ይንበረከካል፣ ማታ ባሩድ ይለካል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ በሆነ።

የኔ ሞተር ላይ «ሲ6-5» ተጽፏል። ሲ ጉልበቱ ነው፤ ፊደሉ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። የሚነደው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። 5 ደግሞ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው።

ይኼን ነገር ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል። መውጫውን ገዛሁት፣ በጥቂት ዶላር። ሦስት ወር የለፋሁት በሙሉ ቀጥ ብላ እንድትሄድና እንድትመለስ ነው። ክንፉ፣ ጭቃው፣ ላስቲኩ፣ ፓራሹቱ፣ ፓራሹቱን የሞተሩ ትኩስ ጋዝ እንዳያቀልጠው የሚጠቀጠቀው እሳት የማይይዘው ወረቀት። እኔ ራሴ ወደዚህ አገር ስመጣ ስለ መመለሻው ያሰብኩት ስንት ደቂቃ ነበር? ባለፈው እሁድ እማዬ «ያቺ ርችትህ ተመለሰች ወይ?» አለችኝ። «ትመለሳለች» አልኳት። አላመነችኝም። ልምድ አላት።

የፓራሹቱን ነገር ሳልናገር ልለፈው ነበር፤ ግን ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ከፌስታል ነው የቆረጥኩት፣ እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ ፌስታል። መሃሉ ላይ «እንጀራ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። ለሷ ክብደት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት በቂ ነበር። ፊደሉ እንዳይቆረጥብኝ 45 አደረግኩት። ሽማግሌው በጣቱ መሃሉን ነክቶ «እዚህ ጋ ቀዳዳ አውጣለት፣ አለዚያ ነፋስ ይወስድብሃል» አለኝ። ቀዳዳው የሚያርፈው «ጀ» ላይ ነው። እምቢ አልኩ። ፌስታሉ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ፣ አጥፌ፣ ጠቅልዬ ከተትኩት።

ጎኗ ላይ በለጠፍኩት ስትሮ ዘንጉ ላይ ሰካኋት። አምስት ሜትር ራቅን። የደህንነት ቁልፉን በሽቦ ከሷ ጋር የተያያዘው የመተኮሻ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ልጁም ጌሙን ትቶ መጥቶ ነበር፤ ከአምስት ወደ ታች የቆጠረው እሱ ነው። መተኮሻውን ስጫነው ለቅጽበት ምንም የለም። ከዚያ «ፍሽሽ!» አለና ዘንጉ ባዶውን ቀረ። ዓይኔ አልደረሰባትም። ያየሁት ጭሱን ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ ጎባጣው ቱቦዬ ያወጣዋል ብዬ ያላሰብኩት ዓይነት መስመር። ኮምፒውተሩ 250 ሜትር ገደማ ብሎ ነበር። ከዚያ ዝምታ። አምስት ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል እንዴ? ልጁ እጄን ያዘ። ጧ! ፌስታሉ ተከፈተ። ጮህን። ሽማግሌው ሳይቀር ኮፍያውን አነሳ።

መውረድ ግን አልቻለችም። ተንሳፈፈች። ሜዳውን አለፈች፣ አጥሩን አለፈች፣ ከሰው መኪናዎች በላይ ቀስ ብላ እየተወዛወዘች ሄዳ ትልቁ ኦክ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከታች ሆነህ ቀና ካልክ «እንጀራ» የሚለው ይነበባል። እንጀራ ፍለጋ ወጥታ መቅረቷ ነው አለ አንዱ ወዳጄ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይስቃል።

ደንቡ ረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለች ሮኬት አታውርዱ ይላል። አከብራለሁ። ብቻ ከሥራ ስወጣ መንገዴን ቀይሬ በዚያ አልፋለሁ። ቱቦዋ ላይ ስልክ ቁጥሬን ጽፌያለሁ፣ ያገኘ ይደውል ብዬ። ስለዚህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አነሳለሁ። በፊት አላነሳም ነበር።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር፣ የዚሁ የሜሪላንድ። ልቤ ዘለለ። ያው ነፋሱ አለ፣ ወርዳ ይሆናል። ሄሎ እንኳ አላልኩም፣ «ሮኬቷን አገኛችኋት?» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ በጩኸት። የተቀዳ ድምፅ ነው። የመኪናዬ ዋስትና ሊያበቃ መሆኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያስጠነቅቀኝ ነው የደወለው። በትህትና እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የሆነ ነገር ላደርግበት ነበር፤ ጠፋኝ። ቆይ፣ የመኪናዬ ዋስትና ግን እስከ መቼ ነው?