የታመመው ፊከስና የብሎኬት ቤቱ ፑሚስ

ዛፉ የደረሰኝ ታሞ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ለቤት ምርቃት በስጦታ ያገኘችውን ቦንሳይ «ሐዋሳ ሙቀት አለ፣ ምናልባት ይሻለው ይሆናል» ብላ በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ የዋርካና የሾላ ወገን የሆነ ፊከስ ነው። ግንዱ ወፍራም፣ ሥሩ ከአፈሩ በላይ ወጣ ወጣ ያለ፣ ሲያዩት ዕድሜ የጠገበ። ቅጠሉ ግን ግማሹ ቢጫ ሆኗል። የቀረውም ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል።

ስለ ቦንሳይ የማውቀው ነገር አልነበረም። ለየት ያለ ድንክ ዝርያ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተራ ዛፍ ነው። ሥሩና ቅርንጫፉ እየተከረከመ በጠባብ ፖት ውስጥ ትንሽ ሆኖ እንዲያድግ ይደረጋል። ጥበቡ ከቻይና ተነስቶ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ጃፓን ውስጥ ነው። በደንብ ከተያዘ ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። ዋሽንግተን ውስጥ ያለ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በቦንሳይነት የተያዘ ነው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር፤ ተረፈ። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ ሰጡት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔን ፊከስ አውጥቼ መጣል አልሆነልኝም።

ቀጥሎ ሰው መጠየቅ ነው። ምክር እንደሆነ በሰፈራችን ሞልቷል። ጎረቤቴ «የቡና አተላ አድርጊበት» አለችኝ። የቢሮ ባልደረባዬ «ዩሪያ ቆንጠር አድርገሽ በትኚበት» አለ። ከዛፉ ጋር የመጣችው ካርድ ላይ «በየቀኑ ውሃ ያጠጡ» የሚል ተጽፏል። እናቴ ደግሞ በስልክ «ዓይን ነው፤ እንግዳ የሚያየው ቦታ አታስቀምጪው» አለች። ከእናቴ በቀር ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ጨምሪበት ነው።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። ዛፉን ታቅፌ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ቅጠሉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ጣታቸውን ወደ አፈሩ ሊሰዱ ሞከሩ፤ አልገባም። ላዩ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ጠጠሮች ለካ በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው። ከዚያ ፖቱን ከፍ አድርገው ከሥሩ አዩት። ቀዳዳ የለውም።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ጠምቶት አይደለም። ሰጥሞ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ሞቷል ማለት ነው?»

መልስ ሳይሰጡ በጥፍራቸው ግንዱን ጫር አደረጉት። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወተት የመሰለው ፈሳሽ ብቅ አለ። «ነፍስ አለው። አውጪና ሥሩን እይው።» ይሄ ጫር አድርጎ ማየት ቀላል ነገር ነው፤ ግን ከብዙ ግምት ያድናል። በተለይ ጥድ ቦንሳይ ያለው ሰው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው ብሎ ባይዘናጋ ጥሩ ነው። ጥድ ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ፊከስ በዚህ በኩል ግልጽ ነው፤ ሲከፋው ወዲያው ያራግፋል።

ቤት ገብቼ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩና ጠጠሩን በቢላ ፈነቀልኩት። ሽታው ቀድሞ መጣ፤ የቆየ የጎርፍ ውሃ ሽታ። አፈሩ ጥቁር ጭቃ ሆኖ መሃሉ ላይ ተድቦልቡሏል። አንዱን ቀጭን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ አደረግኩት። ጥቁሩ ቆዳ ሙልጭ ብሎ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ከውስጡ ክር የሚያክል ነገር ብቻ ተንጠለጠለ። የበሰበሰ ሥር የሚታወቀው በዚህ ነው። ጤነኛው ጠንካራ ነው፣ ጫፉ ነጣ ይላል፣ ሲጎትቱት አይላጥም። በአልኮል በተወለወለ መቀስ የበሰበሰውን ሁሉ ጤነኛው እስኪገኝ ቆረጥኩት። የፊከስ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት ይሻላል፣ በዚያ እጅ ዓይን መንካትማ አይታሰብም።

አሁን ጥያቄው በምን አፈር ልትከለው ነው። እዚህ ላይ ከግብርና ኮሌጅ የተመረቀ ጓደኛዬ ገባበት። ፖቱ ከሥሩ ጠጠር ቢነጠፍበት ውሃው አይወርድም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ ነከረና በአግድም ያዘው። ተንጠባጥቦ አቆመ። ወዲያው ሽቅብ ሲያቆመው እንደገና ውሃ ወረደ። የአፈርም ነገር ይኸው ነው አለኝ። ከታች በኩል ሁልጊዜ ውሃ ያዝ የሚያደርግ ክፍል አለ፤ የፖቱ ቁመት ባጠረ ቁጥር ከአፈሩ የበለጠው እጅ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ጠጠር ቢነጠፍ ያንን ክፍል ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍትሔው ራሱ አፈሩ ደቃቅ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

ጃፓኖች አካዳማ የሚባል ደረቅ የሸክላ ፍርፋሪ ይጠቀማሉ። ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ከአካዳማ ጋር የሚቀላቅሉት ግን ፑሚስና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሆኑን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሐዋሳ እኮ ያለችው በጥንት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከሐይቁ ሰሜን ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ። ፑሚስ ደግሞ በየብሎኬት ማምረቻው ተቆልሎ ይገኛል፤ ተረከዛችንን የምንፈትግበት ያው ድንጋይ ነው። አንዱ ብሎኬት ቤት ጎራ ብዬ ለአበባ ነው ስላቸው ልጆቹ እየሳቁ አንድ ፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ሒሳብም አልተቀበሉኝ። ሬድ አሽ የሚባለውን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሚሠራ ሕንፃ ደጃፍ ጠይቄ ወሰድኩ።

ሁለቱንም በወንፊት ነፋሁ። የሚፈለገው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ዱቄቱ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሜ አጠብኩ። ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ጨመርኩበት።

ፖቱን አልተጠቀምኩበትም። የታመመ ዛፍ መልኩን ትቶ ሥር ማብቀል አለበት። የፕላስቲክ ፓስታ ማጥለያ ውስጥ ተከልኩት። ያምራል አልልም፤ እህቴ «ምሳ ነው ወይ?» ብላኛለች። ግን አየር በየጎኑ ይገባል፣ ውሃ በየቀዳዳው ይወጣል። ዛፉ እንዳይነቃነቅ በገመድ አሰርኩት፤ በተነቃነቀ ቁጥር አዲሱ ሥር ይበጠሳል። ሥሩ ስለተቀነሰ ቅጠሉ ውሃ እንዳያጣ በስስ ፕላስቲክ ሸፈንኩና የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት የበረንዳ ጥግ ላይ አኖርኩት። ማዳበሪያ ምንም የለም። ሥር የሌለው ዛፍ ማዳበሪያ አይበላም፤ ጨው ሆኖ ያቃጥለዋል።

መጀመሪያ የቀሩት ቅጠሎች ሁሉ ረገፉ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ፊከስ ቦታ ሲቀይር እንኳ ቅጠሉን ያራግፋል። እየጫርኩ አየው ነበር፤ አረንጓዴ ነው። ከቆይታ በኋላ በቅርንጫፉ ጫፍ ሹል ቀይ ቡቃያ ታየ።

ከሁሉ የገረመኝ የካርዷ ነገር ነው። አሁን በበጋ በየቀኑ ነው የማጠጣው፣ ያንን ዛፍ ሊገድለው በነበረው ምክር ማለት ነው። ፑሚስ ውስጥ ትርፉ ውሃ ወዲያው ይወርዳል፣ በጭቃው ውስጥ ግን ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ «በስንት ቀን ላጠጣ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ቀጭን የቀርከሃ እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክቼ እተዋለሁ። ሳወጣው ጠቆር ብሎ እርጥብ ከሆነ አልነካውም።

ሌላው ጣጣ ራሱ ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል። የማጥለያው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት መያዝ ጀመረ፣ አዲሱም ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ገረጣ። ብረት ማጣት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ውሃው ባይካርቦኔት ሲበዛበት ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በጄሪካን ማጠራቀም ጀመርኩ፤ ዝናብ ሲጠፋ ብቻ የቧንቧውን እጠቀማለሁ።

ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ደግሞ ጉንዳኑን ትታችሁ ቅጠሉን ገልብጡት። የእኔው ቅጠል ያጣብቅ ነበር። ከሥሩ ቡናማ ነጥብ የመሰሉ፣ በጥፍር የሚፈነቀሉ ተባዮች ተለጥፈውበታል። ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጡ ጉንዳኑ ለእሱ ነው የሚመጣው። ከኮቪድ ጊዜ የቀረ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ጠረግኳቸው፤ እንቁላላቸው ስለሚቀር መደጋገም ያስፈልጋል።

የቆረጥኳቸውን ጥቂት ቅርንጫፎችም አልጣልኩም። ፑሚስ ውስጥ ሰክቼ ከላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋሁባቸው። ፊከስ በቀላሉ ሥር ይሰዳል። ዋናው ዛፍ ባይተርፍ ኖሮ ልጆቹ ነበሩልኝ። አሁን ደህና ሆነው አንዷን ለአክስቴ ልኬላታለሁ።

ጀማሪ ሆኖ እርዳታ ለሚጠይቅ ሰው ከልምዴ የምነግረው፣ የቅጠል ፎቶ ብቻ ይዞ «ምን ሆኖ ነው?» ማለት እንደማያዋጣ ነው። ቢጫ ቅጠል በጥማትም በብዛት ውሃም ይመጣል፤ ከላይ ሲያዩት አንድ ነው። የዛፉን ዓይነት፣ ቤት ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ፖቱ ቀዳዳ እንዳለው፣ አፈሩ ጣት ያስገባ እንደሆነ ተናገሩ። ከተቻለ ሥሩን አሳዩ። ያኔ ዩሪያ የሚያዝላችሁ ሰው ይቀንሳል።

ቅርንጫፉን በሽቦ አስሮ ቅርጽ ማስያዙን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ፊከስ ሲያድግ ቶሎ ይወፍራል፣ ሽቦው ሳይታሰብ ቅርፊቱን ቆርጦ ይገባል። ገና ጉልበት የሌለውን ዛፍ ማጠፍም አልፈልግም። በማጥለያው ቀዳዳዎች ነጭ የሥር ጫፍ መውጣት ጀምሯል። ቀዳዳ ያለው ሸክላ እስካገኝ እዚያው ይቆያል።