አንባቢ የሚሸሸው ከሰመሪው ነው

ፋን ፊክሽን፣ ማለትም በሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያት ላይ የተመሠረተ የአድናቂ ታሪክ፣ ለመጻፍ ለምታስቡ ሁሉ ነው ይህን የምጽፈው። ታሪካችሁ ቢያምርም ሰመሪው፣ ማለትም አንባቢ ታሪኩን ከመክፈቱ በፊት የሚያየው አጭር መግለጫ፣ ካልሳበ ማንም አይከፍተውም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ታሪኩ አላስቸገረኝም። ከአንድ የታወቀ ልቦለድ ደራሲው እግረ መንገዱን ጠቅሶ ያለፋትን ገረድ ወሰድኩና ጎንደር አመጣኋት። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ሆነች።

ጉዱ የመጣው ሰመሪው ላይ ነው። ፒያሳ የምንሰበሰብበት የጽሑፍ ክበብ አለ። በክበቡ አካውንት የሚወጣው ሁሉ በሰብሳቢው እጅ ያልፋል። የኔን ሰመሪ ሰረዘና እንዲህ ብሎ ተካው፦ «ፍቅር፣ ክህደትና ተስፋ የተጋመዱበት ልብ አንጠልጣይ ታሪክ። እጣ ፈንታዋ ምን ይሆን? አንብባችሁ ድረሱበት!» ተከራከርኩ። «አንባቢ ይጓጓል እንጂ አይነገረውም» አለኝ። በዚሁ ወጣ።

የከፈተው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አዘዞ ያለች አንባቢ ጓደኛዬን ለምን እንዳለፈችው ጠየቅኳት። «ማን ናት? ከየትኛው መጽሐፍ ነው? ይሄ እኮ የማንም ታሪክ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። የፋን ፊክሽን አንባቢ ገጸ ባሕርይዋን ያውቃታል፤ የሚፈልገው አሁን ምን እንደገጠማት ነው። «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ቃል ይህን አይነግረውም። ልቡ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ራሱ ይናገር! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ታሪኬን አውርጄ በራሴ ስም አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን በሚባል የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። እዚያ አካውንት የሚከፈተው በግብዣ ስለሆነ ኢሜይል አስገብቶ ተራ መጠበቅ ነው። የመጽሐፉን ስም በቦታው ሞላሁና የራሴን ሰመሪ መለስኩ፦ «ከጌቶቿ ቤት የጠፋችው ገረድ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አንድ ጠዋት የድሮ እመቤቷ ልትገዛ መጣች፤ አላወቀቻትም። በርበሬው ተመዝኖ እስኪያልቅ ስሟን መናገር ወይም ዝም ማለት አለባት።» በዚህኛው ሰው ገባ፤ አስተያየትም መጣ። ኮርቻለሁ።

ሰመሪ እዚያ እስከ 1,250 ፊደል ይፈቀዳል፤ ፋንፊክሽን ዶት ኔት በሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ 384 ብቻ ነው። አማርኛ በአንድ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ 384ም አይጠብም። ቦታ አለ ተብሎ ግን ዘር ማንዘሯ አይዘርዘር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«ሰመሪ አልችልበትም፣ ታሪኩ ግን ጥሩ ነው» አትበሉ። «ጀማሪ ነኝ፣ አትፍረዱብኝ» የሚለውም ይቅር። ትሕትና መስሏችሁ አንባቢውን ገና በር ላይ ትመልሱታላችሁ። የፊደል ግድፈትም እንደዚያው ነው፤ ሦስት መስመር ያላረመ ሰው ሃያ ምዕራፍ ያርማል ብሎ ማን ያምናል?

ዋና ገጸ ባሕርይ የሚሞት ከሆነ ደግሞ አርካይቭ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ማስጠንቀቂያ አለ። ማስጠንቀቅ አልፈልግም የሚል ምርጫም ይፈቅዳሉ። እኔ አልስማማም። ዘንድሮ እናቱን የቀበረ አንባቢ ምዕራፍ አሥር ላይ ሳያስበው ለቅሶ ቤት መግባት የለበትም። ሰብሳቢያችን «መጨረሻው ይበላሻል» ይላል። ይበላሽ። ምልክቱን አድርጉ።