ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር

ነሐሴ 2017፣ አዲስ አበባ

የምሠራው ቤት ለቤት በሚሰጥ ሕክምና ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ ካቴተር እቀይራለሁ፣ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ግፊትና ስኳር እከታተላለሁ። የቀኑ ትልቁ ክፍል ግን መንገድ ላይ ያልቃል፤ ጠዋት ገርጂ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሳሪስ፣ ከሰዓት ጀሞ። ትናንት አዲስ የተቀጠረች ልጅ "ሲስተር፣ ከካርታ አፖቹ የትኛውን ልጫን?" አለችኝ። "ጎግል ማፕንም ኦርጋኒክ ማፕስንም ጫኚ" ብያት ሁለታችንም ወደየሥራችን ሄድን። ማታ ሳስበው ምክንያቱን ሳልነግራት መልሱ ብቻውን ብዙም እንደማይረዳት ገባኝ። እዚህ ላስፍረው።

ጎግል ማፕ የሚበልጠው በዋናው መንገድ ላይ ነው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ከፍቼ የማየው መስመሩ ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ የሚለውን ነው። ያ ቀለም የሚመጣው መንገዱ ላይ ካሉት ስልኮች ነው፤ ሎኬሽናቸው የተከፈተ ስልኮች በምን ፍጥነት እየሄዱ እንደሆነ ተሰብስቦ መጨናነቁ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሞን ቬከርት የሚባል አርቲስት በርሊን ውስጥ 99 ስልኮችን በትንሽ ጋሪ ጭኖ ጭር ባለ መንገድ ላይ በእግሩ ሲጎትት፣ ካርታው መንገዱን ቀይ አድርጎት ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቀለሙን የት ማመን እንዳለብኝ ለይቻለሁ። ብዙ መኪና ባለበት፣ ከመገናኛ ቦሌ ባለው ዓይነት መንገድ ላይ አምነዋለሁ። ጥቂት መኪና በሚያልፍበት የሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ግን አረንጓዴ ማለት ክፍት ነው ማለት አይደለም። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ ያለው መስመር ጥቁር ቀይ ሆኖ ካገኘሁት ታክሲ ሰልፍ ላይ አልቆምም፤ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው የአያት–ጦር ኃይሎች ባቡር ቢጨናነቅም መንገድ አይዘጋበትም።

ባቡሩ ራሱ ግን ለካርታዎቹ ፈተና ነው። ሲኤምሲ መንገድ ላይ ከሐዲዱ ማዶ ያለ አንድ ግቢ ለአንዱ አፕ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ታጥሯል፤ እግረኛ የሚሻገርበት ቦታ ጥቂት ነው፤ መኪና የሚዞርበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የቁስል ማሸጊያና የግፊት መለኪያ የያዘ ቦርሳ ተሸክሜ አጥር ጋ ስደርስ፣ "ደርሰዋል" የሚለው ድምፅ ምንም አይፈይድልኝም።

የሚኒባስ ታክሲን ነገር ሁለቱም አፖች በደንብ አያውቁትም። ከጀሞ ቦሌ ለመሄድ ሜክሲኮ ወርዶ ሌላ መያዝ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ረዳቱ እንጂ ስልኬ አይደለም። ይህ ግን ሊሠራ የማይችል ነገር አይደለም። በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ከተማ የተጀመረው ትሩፊ የሚባል ሥራ፣ የጊዜ ሰሌዳ የሌላቸውን የሚኒባስ መስመሮች ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባል ማንም ሊስልበት በሚችል ካርታ ላይ በመሳል መንገድ የሚያሳይ አፕ አውጥቷል፤ ለአዲስ አበባም በዚያው አካሄድ አዲስ ማፕ ትራንዚት የሚባል ተሠርቷል። ችግሩ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ የታክሲ መያዣና መውረጃው በየጊዜው ቦታ መቀየሩ ነው። መስመሩን አንድ ጊዜ መሳል አይበቃም፤ የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በሽተኛ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ከባድ የሚሆነው ከታክሲ ከወረድኩ በኋላ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ፣ ከኮብልስቶኑ ወደ ጭቃው፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደማያሳልፈው ቅያስ። ዳታ የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ጎግል ማፕ አካባቢውን አስቀድሞ ለማውረድ ያስችላል፤ ዳታ ሲጠፋ ግን የሚያሳየው የመኪና መንገድ ብቻ ነው፣ የእግር መንገድ አቅጣጫ አይሰጥም። ኦርጋኒክ ማፕስ የአገሩን ካርታ አንዴ በዋይፋይ ካወረድሽ በኋላ ፍለጋውንም የእግር መንገዱንም ያለ ዳታ ይሠራል። በነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የት እንደዋልሽም አይመዘግብም። ማፕስ ሚ የሚባለውን የድሮ አፕ የጀመሩት ሰዎች አፑ ከተሸጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ነው። ሽቅብና ቁልቁለቱንም ያሳያል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ላለ ቤት ስሄድ ዳገቱን አስቀድሜ ስለማየው የቀጠሮ ሰዓቴን በዚያ ልክ እይዛለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ኦስማንድ ከኦርጋኒክ ማፕስ ጋር የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ብዙ ነገር ይችላል፣ ግን ቅንብሩ ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ዌዝ እ.ኤ.አ. በ2013 በጎግል የተገዛ የእስራኤል ሥራ ነው፤ ለሚነዳ እንጂ እንደኔ ለሚራመድ አልታሰበም። አፕል የራሱን ካርታ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ስህተቱ በዝቶ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል ይላሉ አይፎን የያዙ ጓደኞቼ። እኔ አልሠራሁበትም።

ከአፑ ምርጫ በላይ ቀኔን የሚወስነው ግን ቤተሰቡ የሚልክልኝ ሎኬሽን ነው። ባለፈው ወር ኮተቤ ውስጥ አዲስ ታማሚ ነበሩኝ፣ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው አባት። ልጃቸው ሎኬሽኑን በቴሌግራም ላከልኝ። ስከፍተው ነጥቡ ስታዲየም አካባቢ ነው። ደወልኩለት።

"ወንድሜ፣ አሁን አንተ የት ነህ?"

"ሥራ ቦታ ነኝ፣ ሲስተር።"

"የላክልኝ ያለህበትን ነው። እቤት ማን አለ?"

"እህቴ አለች።"

እህትየው ጋ ደወልኩ። ይህን ለብዙ ሰው ስለነገርኩት አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለአዲሷ ልጅም መንገር ያለብኝ ይሄንኑ ነው። "እህቴ፣ ከቤት ውጪና በሩ ጋ ቁሚ። ቴሌግራም ላይ ሎኬሽን መላኪያውን ስትከፍቺ በስንት ሜትር ትክክል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ታያለሽ። ትልቅ ከሆነ አትላኪ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ እየወረደ ይመጣል። ሲያንስ ላኪልኝ።" ልጅቷ ዣንጥላ ይዛ ዝናብ ውስጥ ወጣች፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ይሰማኛል። ቁጥሩን እየጠራች ትነግረኛለች። አስር ሜትር ሲደርስ ላከችው። ነጥቡ በትክክል የግቢያቸው በር ላይ ነበር፤ ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ምልክታቸው ምድር ሲደርስ በጣም ደካማ ነው። ስልኩ ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ይፈልጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምልክቱ ስለሚዳከም ስልኩ በኔትወርክ ማማና በዋይፋይ ይገምታል፣ ግምቱም አንድ ሰፈር ሊያሳስት ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ግን ጥቂት ሜትር ድረስ ያደርሳል። ለዚህ ደግሞ ዳታ አያስፈልግም፤ ስልኩ ከሳተላይቱ የሚቀበል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልክ አይደለም። ዳታ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድና ሎኬሽኑን ለመላክ ብቻ ነው።

አድራሻ ስንል እኛ ጋ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። ታማሚ ፋይል ላይ ሁሉም ተሞልቶ ይመጣል፤ በዚያ ብቻ ቤት ማግኘት ግን ለእኔ ሆኖልኝ አያውቅም። ሰዉ የሚነግረኝ በምልክት ነው፤ ከሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሰማያዊ በር። በአፕ የጠራሁት ሹፌርም ካርታው ፊቱ ተከፍቶ ሳለ ደውሎ "እህቴ፣ ምን አጠገብ ነሽ?" ይለኛል፤ ልክ ነው መጠየቁ። ግን ምልክቶቹ እየጠፉ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ በ2017 ካዛንቺስ። ለዓመታት ስኳራቸውን የምከታተላቸው አንዲት እናት ካዛንቺስ ነበሩ። ሰፈሩ ሲነሳ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ስደውልላቸው "እማማ፣ አሁን የት ጋ ነው ያሉት?" አልኳቸው። "እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ ሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት ነው" አሉኝ። ስልኬ ላይ በዚያን ሰሞን አካባቢው ባዶ ሜዳ ነበር።

የካርታን ነገር ከልቤ መያዝ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ካርታውን የሚያገኘው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው፣ ማንም ሰው ሊስልበትና ሊያርመው የሚችል ካርታ ነው። ሄይቲ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በርዕደ መሬት ስትመታ፣ የፖርቶ ፕሪንስን መንገዶች ከየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ከሳተላይት ምስል ላይ እያዩ ሣሉ፤ እዚያ የደረሱት የእርዳታ ሠራተኞችም ያን ካርታ ተጠቀሙበት። ከአራት ዓመት በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ቀይ መስቀል ማኅበራት ከሌሎች ጋር ሆነው ሚሲንግ ማፕስ የተባለውን ሥራ የጀመሩት፣ ካርታ የሌላቸው ሰፈሮች አደጋ ከመድረሱ በፊት እንዲሳሉ ብለው ነው። የሕክምና ባለሙያ ካርታ የሚስልበት ምክንያት ሲገባኝ ሥራው የእኔም እንደሆነ ተሰማኝ።

ከሩቅ ያለ ሰው ከሳተላይት ምስል መንገዱንና የሕንፃውን ቅርፅ ይስላል። የብሎኩን ቁጥር፣ የመድኃኒት ቤቱን ስም፣ የትኛው በር እንደሚከፈት ግን አያይም። ያንን የሚያውቀው እዚያ የቆመ ሰው ነው። እኔም ቀጠሮ ጨርሼ ስወጣ እዚያው አፑ ላይ አስገባለሁ፤ ብሎክ ቁጥር፣ ጤና ጣቢያ፣ ወፍጮ ቤት። የኦፕን ስትሪት ማፕ አካውንት ከፍቶ መግባት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሌሎች ስልኮች ላይ ወዲያው አይወጣም፤ ካርታው ሲታደስ ነው የሚታየው። ጎግል ላይም ማስተካከያ መጠቆም ይቻላል፤ ተቀባይነቱን የሚወስነው ግን ድርጅቱ ነው፣ ካርታውም የድርጅቱ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ያስገባሁት ብሎክ ለማንም አፕ ሠሪ ክፍት ነው። ከተማችን በዚህ ፍጥነት እየተለዋወጠ ነዋሪው ራሱ ሊያርመው የሚችለው ካርታ ይሻለናል ብዬ አምናለሁ።

አዲሷን ልጅ በጥብቅ የማሳስባት አንድ ነገር አለ። የታማሚ ቤት ካርታ ላይ አይገባም። ለራሴ ስልኬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ግን በስም አይደለም፣ በበሽታም አይደለም፤ በፋይል ቁጥር ብቻ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይዋሳል፣ ልጅ ይነካካዋል። ጎግል ላይ ታይምላይን የሚባለውን፣ የዋልሽበትን ሁሉ የሚይዘውን፣ አጥፍቼዋለሁ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ቤት የምትገባ ነርስ መዝገብ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የታማሚውም ነው።

ሌላው ጉዳይ አምቡላንስ ነው። የቀይ መስቀሉ 907 ወይም የእሳትና አደጋው 939 ላይ የሚደውል ሰው ብዙውን ጊዜ ደንግጧል፤ ቤቱ የት እንደሆነ ማስረዳት ያቅተዋል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ቀን አንድ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ አስለጥፋለሁ፦ ከዋናው መንገድ የሚታጠፉበት ቦታ፣ መኪና እስከየት እንደሚገባ፣ የብሎክና የፎቅ ቁጥር፣ ነጥቡን ለይቶ የሚያሳየው፣ ከካርታው የወሰድኩት ቁጥር (ኮኦርዲኔት)። ፎቁን ማንም ካርታ አይነግርም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰውና ምድር ቤት ያለ ሰው አንድ ነጥብ ናቸው። ኮተቤ ያሉት አባት ልጅ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ለወንድሞቿ ሁሉ ላከችው፤ እኔ ያላሰብኩት ነበር፣ አሁን ሁሉንም ቤተሰብ እንዲያ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

ሐሙስ ገላን ጉራ ነኝ። ከኋላ በኩል ያሉት ብሎኮች ቁጥራቸው ገና አልገባም፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው የእግር መንገድም አልተሳለም። አዲሷ ልጅ አብራኝ ትሄዳለች፤ አካውንት እንድትከፍት ዛሬ ነግሬያታለሁ።